ይህን ሁሉ ተምረሽ ወጌሻ ልትሆኚ ነው? (በቀድሞ የኦስቲዮፓቲ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ ልጀምር ነው)

የጣና ዳር፦

ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ እዚህ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርኩም። በመጋቢት የሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ምደባ ሲወጣ ኦሃዮ ውስጥ በሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ደርሶኛል። ጎንደር ተምሬ፣ ሁለት ዓመት በወረዳ ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቼ፣ በዲቪ ነው የመጣሁት። ከዚያ አራት ዓመት ሌሊት ሌሊት ደም እየቀዳሁ፣ ቀን ቀን ለፈተና ሳጠና ኖርኩ። ስለዚህ ደስታዬን ለመግለጽ አልሞክርም፤ ያለፈበት ያውቀዋል።

ግራ ያጋባኝ ሌላ ነው። ሆስፒታሉን በጥንት ጊዜ ያቋቋሙት የኦስቲዮፓቲ ሐኪሞች (ሰውነትን በእጅ መዳሰስና ማሸትንም ለሕክምና የሚጠቀሙ) ናቸው። አብረውኝ ከሚጀምሩት አሥር ሰዎች ስድስቱ ዲ.ኦ. (የኦስቲዮፓቲ ሐኪም ማዕረግ ያላቸው) ናቸው እንጂ እንደ እኔ ኤም.ዲ. (የተለመደው የሐኪም ማዕረግ ያላቸው) አይደሉም። ቃለ መጠይቁ በኮምፒውተር ስለነበር ቦታውን በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ስደርስ በአዳራሹ ውስጥ ሰፋፊ የመታሻ አልጋዎች ተዘርግተው፣ ሬዚደንቶቹ አንዱ የሌላውን አንገትና ወገብ ሲዳስሱ አገኘኋቸው። ማታ ለእናቴ ይህንኑ ብነግራት (አብራኝ ነው የምትኖረው) ቡናውን አስቀመጠችና «ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ወጌሻ ልትሆኚ ነው? ይህንማ የእኛ ሰፈር ሰውዬ በቅቤ ይሠራው የለም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እናንተ ያለፋችሁበት፣ ይህን በእጅ የሚሰጥ ሕክምና (ትምህርቱ ረቡዕ ከሰዓት ነው) ልማር ወይስ ልተወው? ወደፊት የኩላሊት ሕክምና ማጥናት እፈልጋለሁ፤ በወረዳ ሳለሁ ዲያሊሲስ በማጣት የሞቱብኝ ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለመሆኑ በር ይዘጋብኛል? ደግሞስ የመጀመሪያውን ወር ሳላፍር እንዴት ልለፈው?

ተረኛው፦

እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዶክተር። እኔ ሚሺጋን ውስጥ እንዲህ ባለ ቦታ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ አሁን በሌሊት ተረኛነት እተዳደራለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ዛሬ ዕረፍት ነኝ።

በመጀመሪያ እናትሽ ብዙም አልተሳሳቱም። የኦስቲዮፓቲ መሥራች አንድሩ ቴይለር ስቲል ሰውን እያሸ በየከተማው ሲዞር ራሱን «መብረቁ ወጌሻ» ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። ሰውየው ሐኪም ነበር። በ1864 ሦስት ልጆቹ በማጅራት ገትር ሞቱበት፤ የዘመኑ መድኃኒት ደግሞ ሜርኩሪ፣ ደም ማፍሰስና አልኮል ነበር። ከዚህ በኋላ በመድኃኒት ላይ የነበረው እምነት ተሟጠጠ። በ1874 አዲሱን መንገዱን አወጀ፣ በ1892 ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ ከርክስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ስለ ብዙ ነገር ተሳስቷል። ልጆቹን የገደለው በሽታ ጀርባን በማሸት አይድንም። ነገር ግን የዚያን ዘመን መድኃኒት ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበልጣል ማለቱ ትክክል ነበር። በኋላ ተማሪዎቹ መድኃኒቱንም ቀዶ ሕክምናውንም እየጨመሩ መጡ፤ ዛሬ አንድ ዲ.ኦ. እንደ ማንኛውም ሐኪም መድኃኒት ያዝዛል፣ ይቀድዳል፣ ያዋልዳል። ሙሉ ፈቃድ በመስጠት የመጨረሻዋ ግዛት ሚሲሲፒ ነበረች፤ ያውም በ1973።

አሁን የምትገቢበት ሆስፒታል ለምን እንደተሠራ ልንገርሽ። የኤም.ዲ. ሆስፒታሎች ዲ.ኦ. ሐኪሞችን ደጃፋቸውን አያስረግጧቸውም ነበር። እነርሱም በኦሃዮ፣ በሚሺጋን፣ በፔንሲልቬንያና በሚዙሪ የየራሳቸውን ትንንሽ ሆስፒታል ሠሩ። ንቀቱ ምን ያህል እንደነበር ለማወቅ የካሊፎርኒያን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1962 ግዛቷ የዲ.ኦ. ሙያን ለማጥፋት ስትነሣ፣ ወደ 2,000 የሚሆኑ ሐኪሞች 65 ዶላር እየከፈሉ የኤም.ዲ. ማዕረግ ተቀበሉ። ትናንት «አታክምም» የተባለው ሰው ዛሬ በ65 ዶላር ሐኪም ሆነ! ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዲ.ኦ. ምሩቃን ፈቃድ መስጠት እንደገና እንዲጀመር ወሰነ።

ከአንቺ ጋር የሚያያዘው ግን ይህ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የኦስቲዮፓቲ ሬዚደንሲ ለዲ.ኦ. ምሩቃን ብቻ ነበር፤ ከጎንደር ወይም ከጥቁር አንበሳ የመጣ ሰው ማመልከት እንኳ አይችልም ነበር። በ2014 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙና ከ2015 እስከ 2020 ድረስ ሁሉም ፕሮግራሞች በአንድ እውቅና ሰጪ ሥር ገቡ። መመዘኛውን ማሟላት አቅቷቸው የተዘጉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለእነርሱ ያዘኑ ሰዎችን አውቃለሁ። ለእኛ ግን አንድ በር ተከፈተ፤ አንቺ በዚያ በር ነው የገባሽው።

ስለ ማኅበረሰብ ሆስፒታል የሚወራውን ግማሹን ብቻ እመኚ። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ አንድ የልብ ሕመምተኛ ሲገባ በአንቺና በእርሱ መካከል ፌሎው (ሬዚደንሲ ጨርሶ ንዑስ ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) አለ፣ ከፌሎው በላይ ሌላ አለ። አንቺ ማስታወሻ ጸሐፊ ትሆኛለሽ። እኛ ጋር ፌሎው አልነበረም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የደም ግፊቱ የወረደ ሰው አንገት ላይ ቱቦ የማስገባው እኔ፣ ከጎኔ ቆሞ የሚያየኝ ሲኒየር ሬዚደንት። ሦስት ዓመት ሲሞላኝ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር። የማይካደው ጉድለት ደግሞ ምርምር የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ብርቅ በሽታ ሲመጣ በሄሊኮፕተር ይላካል፤ መጨረሻውን አታዪም። የልብና የጨጓራ ፌሎሺፕ ለሚመኝ ሰው መንገዱ በእርግጥ ዳገት ነው። ኩላሊት ግን ሌላ ነው፤ በየዓመቱ ሰው አጥተው ባዶ የሚቀሩ የፌሎሺፕ ቦታዎች አሉ። በርሽ አልተዘጋም።

አንድ ነገር ብቻ አጣሪ፤ በሌሊት ከፍተኛ ሐኪሙ ሕንፃው ውስጥ ነው ወይስ ቤቱ ተኝቶ በስልክ? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ሁለት ፈተና፦

እኔ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልጄ ያደግሁ ዲ.ኦ. ነኝ። አማርኛዬ የሰንበት ትምህርት ቤት አማርኛ ስለሆነ ስህተት ካለ ይቅር በሉኝ።

እህቴ፣ የእናትሽን ጥያቄ እኔም በየሠርጉና በየለቅሶው ተጠይቄአለሁ። አጎቴ ከለንደን ደውሎ «እዚህ ኦስቲዮፓት ሐኪም አይደለም፣ አታለሉህ» ብሎ አባቴን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶታል። አጎቴ ስለ ለንደን ልክ ነው። በእንግሊዝ ኦስቲዮፓት በእጅ ብቻ የሚያክም ባለሙያ ነው፣ መድኃኒት አያዝም። በአሜሪካ ግን ዲ.ኦ. ሙሉ ሐኪም ነው፤ ዛሬ በዚህ አገር ከአራት የሕክምና ተማሪዎች አንዱ የሚማረው በዲ.ኦ. ትምህርት ቤት ነው። ስሙ አንድ፣ ሙያው ሁለት። የዘመድ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው።

እኛ አራት ዓመት ሌላው የሚማረውን ሁሉ እንማራለን፤ በዚያ ላይ ወደ 200 ሰዓት በእጅ የመመርመርና የማከም ትምህርት አለብን። የራሳችን ፈተና ኮምሌክስ ይባላል። ብዙዎቻችን ግን አንዳንድ ፕሮግራም በኮምሌክስ ብቻ አይመለከተንም ብለን ስለምንፈራ የኤም.ዲ.ዎቹንም ፈተና ከኪሳችን ከፍለን እንፈተናለን። ሁለት ፈተና፣ ሁለት ክፍያ፣ አንድ ጭንቅላት።

ስለ ጠየቅሽው፣ «የኦስቲዮፓቲ እውቅና» ያለው ፕሮግራም ኤም.ዲ.ዎችንም በዚያው መስመር ሊያሠለጥን ይችላል። መጀመሪያ የመሰናዶ ትምህርት ይጠይቃል፤ ምን ያህል እንደሆነ የፕሮግራሙን ኃላፊ ጠይቂ። ግዴታ ካልሆነ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት እንደ ተመልካች ገብተሽ ተቀመጪ።

በማስረጃ፦

ሁሉም ሰው እያሞገሰ ስለሆነ አንድ ሰው ሊያበላሽ ይገባል። ሕመምተኛን መንካት ጥሩ ነው፤ ማንም አይቃወምም። ግን እስቲ ማስረጃውን እንይ። በ2010 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። በበርካታ ሆስፒታሎች በሳምባ ምች የተኙ፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 406 ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። ሁሉም የተለመደውን ሕክምና አገኙ፤ አንዱ ቡድን ተጨማሪ የኦስቲዮፓቲ ሕክምና፣ ሌላው በቀላሉ መዳሰስ ብቻ። በዕጣው መሠረት ሁሉም ሲቆጠሩ ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። ሕክምናውን በትክክል የጨረሱት ብቻ ተለይተው ሲቆጠሩ፣ የታሹት የተለመደው ሕክምና ብቻ ከተሰጣቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ። በቀላሉ ከተዳሰሱት ጋር ሲነጻጸሩ ግን ልዩነት አልታየም። ከዚህ ውስጥ የትኛውን መስመር ማንበብ እንደምትፈልጉ ራሳችሁን ጠይቁ። የራስ ቅል አጥንቶችን በጣት እናንቀሳቅሳለን ስለሚሉት ደግሞ ባልናገር ይሻላል።

አንድ አዲስ ሐኪም በሳምንት ያለችው ሰዓት የተቆጠረ ነው። እኔ ብሆን ያችን ረቡዕ ከሰዓት የልብ ኤሌክትሪክ ንባብ ለማጥናት አውላታለሁ።

ሁለት ፈተና፦

ስለ ራስ ቅሉ አልከራከርህም፤ እኔም በፈተና መለስኩት እንጂ አላመንኩበትም። ጥናቱንም በትክክል አቅርበኸዋል። ግን «በቀላሉ የተዳሰሱት» እንኳ ከታሹት ሳይለዩ መቅረታቸው አንተን ምንም አላሳሰበህም? እኔን ያሳስበኛል። በየክፍሉ እየዞርን ከኮምፒውተር ላይ ቁጥር የምናነብ ሰዎች ነን። ጀርባውን የነካሁለት ሽማግሌ ከአልጋው ሲነሣ እንደሚያዞረው የነገረኝ ያን ጊዜ ነው፤ ጠዋት ለአራት ሰዎች «ደህና ነኝ» ብሎ ነበር።

በማስረጃ፦

ያ የጥሩ ምርመራ ማስረጃ ነው እንጂ የኦስቲዮፓቲ አይደለም። ጥቁር አንበሳ ያስተማሩን ሲኒየሮቻችን ሆድ ሳንዳስስ ሪፖርት ካቀረብን ከራውንድ ያባርሩን ነበር፤ አንዳቸውም ከርክስቪልን አያውቋትም።

ሲስተር ከሚኒሶታ፦

ዶክተሮች ተከራከሩ፤ እኔ ለልጅቷ የሚጠቅማትን ልንገራት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሌሊት ነርስነት ሠርቻለሁ፤ በየዓመቱ ሰኔ 24፣ እነርሱ ጁላይ 1 በሚሉት ቀን፣ አዲሶቹ ሲመጡ ዓይናቸውን አይቼ አውቃቸዋለሁ።

የኔ ልጅ፣ በእኛ አገር ኢንተርን ሁሉን ሠሪ ነው። ደም ይቀዳል፣ ናሙና ይዞ ይሮጣል፣ ሕመምተኛ በአልጋ ይገፋል። እዚህ ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው አለ፤ አንቺ የምትፈለጊው ለውሳኔሽ ነው። ከአገር ቤት የመጡ ጎበዝ ሐኪሞች በዚህ ሲቸገሩ አይቻለሁ። ደሙን ራሳቸው ሊቀዱ ይሮጡና ያዘዙት መድኃኒት ሳይታይ ይቀራል። አንቺ ደግሞ በእጅሽ ስለምትተማመኚ ይብስብሻል ብዬ እፈራለሁ።

በሌሊት ነርስ ስትደውልልሽ «ምን ላድርግ?» ብለሽ አትደንግጪ፤ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» በይ። ያሳፍራል ብለሽ እንዳታስቢ። የደወለችው ብዙ ጊዜ መልሱን ይዛ ነው፣ ፊርማሽን ነው የምትፈልገው። «የሆነ ነገር ልክ አይደለም፣ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም» ካለችሽ ደግሞ ከስልኩ ላይ መልስ አትስጪ። ሄደሽ እዪ። አንድ ጊዜ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሦስት ጊዜ ደውዬለት ሦስት ጊዜ ከስልክ ያዘዘልኝ ልጅ ነበር። አራተኛው ጥሪ የእኔ አልነበረም፤ በድምፅ ማጉያ ለመላው ሆስፒታል ነበር።

ጨጓራ ነው፦

ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነኝ። ሲስተር እንዳሉት ነው፤ በእኔ የደረሰውን ልጨምር።

የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ኢትዮጵያዊ የታክሲ ሹፌር ገቡ። ድንገተኛ ክፍሉ በአስተርጓሚ ስልክ ጠይቋቸው «የጨጓራ በሽተኛ ነኝ፣ ዛሬ ተነሣብኝ» ብለዋል። በካርዱ ላይ ጨጓራ ተብሎ ተጻፈ፣ የጨጓራ ሽሮፕ ተሰጣቸው፣ እኔም ስም ዝርዝሩን ሳይ ከሁሉ ቀላሉ እርሳቸው መሰሉኝና መጨረሻ ላይ ላያቸው አስቤ ነበር። ክፍላቸው ስገባ በአማርኛ ሰላም አልኳቸው፤ ዕንባ ሞላባቸው። «ጨጓራው እንዴት ያደርግዎታል?» ስላቸው እጃቸውን በሙሉ ደረታቸው ላይ ጫኑና «እንዲህ ጭምድድ ያደርገኛል፣ ደረጃ ስወጣ ይብሳል» አሉ። ፊታቸው ላይ ላብ ነበር። ተርጓሚው አልተሳሳተም፤ ጨጓራ ማለት ጨጓራ ነው። ግን በእኛ ዘንድ ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ ያለው ሕመም ሁሉ ጨጓራ መሆኑን ማን ያውቃል? ኢ.ሲ.ጂ. (የልብ ኤሌክትሪክ ንባብ) አስደገምኩ፤ የልብ የታችኛው ግድግዳ ደም ተቋርጦበታል። በዚያው ሰዓት ወደ ልብ ክፍል ሄዱ፣ ዳኑ።

ጀግና መስዬ እንዳልታይ እንጂ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቄ መጨረሻ ባደርጋቸው ኖሮ ሁለት ሰዓት ይዘገዩ ነበር። ቀድሜ የሄድኩት ስማቸውን አይቼ አማርኛ ለመናገር ስለናፈቀኝ ብቻ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፤ አማርኛ ስለምትችዪ ብቻ እየጠሩ አስተርጓሚ ሊያደርጉሽ ይሞክራሉ። ብዙ ሆስፒታሎች በሌላ ቋንቋ ለማከም የቋንቋ ምዘና ይጠይቃሉ፤ ምዘናውን ውሰጂና ወረቀትሽን ያዢ። አለበለዚያ የራስሽን ሥራ ትተሽ የሰው ፊርማ ስታስፈርሚ ትውያለሽ።

ልደታ፦

ይቅርታ፣ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ግሪን ካርድ የለኝም። እንዲህ ዓይነት ሆስፒታሎች ቪዛ ይሰጣሉ? ደግሞ በሳምንት ሰማንያ ሰዓት የሚባለው እውነት ነው?

ተረኛው፦

ወንድሜ (ወይም እህቴ)፣ ሰማንያው ጣሪያ ነው፤ በአራት ሳምንት አማካይ ይሰላል። ከሰባት ቀን አንዱ ነፃ መሆን አለበት፣ እርሱም በአማካይ ነው። አንድ ተረኝነት ከ24 ሰዓት አይበልጥም፣ ለርክክብ አራት ሰዓት ሊጨመር ይችላል። በአገራችን ሠላሳ ስድስት ሰዓት ሳይተኛ የቆመ ኢንተርን ብርቅ ስላልሆነ ለአንተ ይህ ዕረፍት ሊመስልህ ይችላል። አይደለም። አንድ ኢንተርን (እዚህ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ማለት ነው) በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ ሕመምተኛ አይዝም፤ የሚያደክመው ግን የሰው ብዛት ሳይሆን ስለ እያንዳንዱ ሰው የሚጻፈው ነው።

ቪዛውን በተመለከተ ፕሮግራሙን በስም ጠይቅ፤ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ጄ-1 (ለሥልጠና የሚሰጥ የልውውጥ ቪዛ) ብቻ ነው የሚቀበሉት። ለጄ-1 ከጤና ሚኒስቴር አገሪቱ ይህን ሙያ እንደምትፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልግሃል። ሲያልቅ ሁለት ዓመት አገር ቤት መመለስ ግዴታ ነው፤ ወይም በሐኪም እጥረት በተቸገረ አካባቢ ሦስት ዓመት ሠርተህ ግዴታው ይነሣልሃል። ለዚህ እያንዳንዱ ግዛት በዓመት 30 ቦታ አለው። ኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ከፈለግህ የአሜሪካን የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና ሦስተኛ ደረጃ አስቀድመህ ማለፍ አለብህ። ደንቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከማመልከትህ በፊት እንደገና አረጋግጥ።

የጣና ዳር፦

ክሩን ከፍቼ ጠፋሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዕንቁጣጣሽን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው ያሳለፍኩት፤ እናቴ የላከችልኝን ድፎ ዳቦ ነርሶቹ ጨረሱት።

የሌሊት ከፍተኛ ሐኪም እኛ ጋር ሕንፃው ውስጥ ነው፤ ተመስገን። ሲስተር፣ ምክርዎን ቃል በቃል ነው የተጠቀምኩበት። በሁለተኛው ሌሊት አንዲት ነርስ ስለ አንድ ሰው ፖታሲየም ደወለችልኝና «አንቺ ምን ይመስልሻል?» ስላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ ሳያት ሐኪም እንዲህ ብሎ ጠይቋት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ደም ለመቅዳት መሮጤን ግን ገና አልተውኩም። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ተወግቶ ሲያምጥ እያየሁ እጄን ኪሴ ውስጥ ማቆየት አልቻልኩም፤ ሄጄ በአንድ ጊዜ አገኘሁለት። በዚያ መሐል አንድ ትእዛዝ አልፎኝ ሲኒየሬ ተቆጣኝ። ሲስተር፣ ልክ ነዎት።

በማስረጃ፣ ረቡዕ ከሰዓት አልተውኩም። ኢ.ሲ.ጂ. እሑድ አጠናለሁ። እስካሁን የተማርኩት የጎድን አጥንትን ከጀርባ በጣት ቀስ አድርጎ ማንሣት ነው፤ የሚተነፍሰው ሰው ይቅለለው አይቅለለው አላውቅም፣ እኔ ግን ትንፋሹን በጣቴ መቁጠር ጀምሬአለሁ። አንድ ጡረታ የወጣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ጀርባውን ስይዝለት ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የነካው ሰው እንደሌለ ነገረኝ። ይህ ለየትኛው ወገን ማስረጃ እንደሚሆን እናንተ ተከራከሩበት።

ችግሩ እናቴ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ወገቧን ስላመማት በወለሉ ላይ አስተኝቼ የተማርኳትን ሞከርኩባት። ምንም ሳትል ተነሥታ ለዕድር ጓደኞቿ ስልክ መደወል ጀመረች። ወጌሻነቱ አሁን ኩራት ሆኗል። ለመጪው እሑድ አራት ሴቶች ቀጠሮ ይዛለች፤ ፈቃድ እንደሌለኝ፣ ከሆስፒታል ውጭ ማንንም ማከም እንደማልችል ብነግራት «ማከም ማን አለሽ? ትነኪያቸዋለሽ እንጂ» አለችኝ።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ እናት ያለው ሰው እንዴት እንዳስቆማት ይንገረኝ። እስከ እሑድ አራት ቀን አለኝ፤ ሦስቱን ተረኛ ነኝ።